የመንግሥት ሠራተኛን በክብር ለመሸኘት፦ ከግል ማኅደር እስከ መጀመሪያው የጡረታ ክፍያ

አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የጋቢ ነገር ነው። ኮሚቴ ይዋቀራል፣ ከደሞዝ የሚቆረጥ መዋጮ ይጻፋል፣ ዋንጫ ይሻላል ሰዓት ይሻላል እየተባለ ይመከራል፤ በመጨረሻም ስም ብቻ እየተቀየረበት የሚታተም የምስክር ወረቀት ይዘጋጃል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሽኝት አዘጋጅቻለሁ፣ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሽኝትም ታድሜያለሁ። ዕድሜውን በሙሉ ሕዝብ ያገለገለ ሰው ፊቱ ሲበራ ያየሁት ስጦታ ሲቀበል አይደለም፤ የሠራውን ሥራ አንድ ሰው በትክክል ቆጥሮ ሲነግርለት ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው "ሽኝቱን አንተ አዘጋጅ፣ አንቺ አዘጋጂ" ለተባላችሁ ባልደረቦቼ ነው። ጋቢው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ከማኅደሩ ጀምሩ

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ፣ በዚያ ዓመት 60 ዓመት የሚሞላቸውን ሠራተኞች ዝርዝር አውጡ። ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ስለሆነ፣ የቀበሌ መታወቂያውን ትታችሁ የመጀመሪያውን ቅጽ ተመልከቱ። ሐምሌ የምለው በምክንያት ነው። ሚያዝያ ላይ ጡረታ የሚወጣ ሰው ማኅደሩ መጋቢት ላይ ቢከፈት የጎደለውን ወረቀት ለማሟላት ጊዜ አይኖርም፤ ሰውየው በሽኝቱ ማግስት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። ያን ያህል ዘመን ያገለገለን ሰው በጭብጨባ ሸኝቶ በሳምንቱ "ወረቀትዎ አልተሟላም፣ ነገ ይመለሱ" ማለት የሽኝቱን ክብር ሁሉ ያፈርሰዋል።

ማኅደሩን ስትከፍቱ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደረጃ ዕድገቶቹን፣ የዝውውር ደብዳቤዎቹንና የደሞዝ ለውጦቹን በዓመት ቅደም ተከተል ደርድሩ። በሁለት ደብዳቤዎች መካከል ክፍት የሆነ ዘመን ካለ ማስታወሻ ያዙ። እኛ አካባቢ ይህ ክፍተት ብዙ ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቀጠሩ ሰዎች የቅጥር ደብዳቤ ላይ ያለው ማኅተም የሐረርጌ ክፍለ ሀገር ነው። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ተከፋፍሏል፣ መሥሪያ ቤቶች ተዋህደዋል፣ ስማቸውም ተቀይሯል፤ ድሬዳዋም በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር የራሷን አስተዳደር ይዛለች። ስለዚህ የአንድ ነርስ ወይም የአንድ መምህር የመጀመሪያ ዓመታት ማስረጃ ዛሬም ሐረር መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለጡረታውን ከመላክ እናንተ ሂዱ፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ሰው ይላክ።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። ድሬ ላይ አንድ ሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ቋንቋ መካከል የሚኖር በመሆኑ ስሙ በየደብዳቤው በተለያየ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ላይ "መሐመድ"፣ ሌላው ላይ "ሙሐመድ"፣ ሦስተኛው ላይ "መሀመድ"፤ የአያት ስም ደግሞ አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጠው ማስረጃ ሰውየው ገና በሥራ ላይ እያለ፣ ደሞዝ እየተከፈለው ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በቁጥር ላሳይ። አሁን በሚሠራበት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 1267/2014፣ አንድ የሲቪል ሠራተኛ ለ10 ዓመት አገልግሎት የሚያገኘው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደሞዙን 30 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ያገኛል፣ 42 ዓመት ያገለገለ ጣሪያውን ይነካል። እንግዲህ የአራት ዓመት ማስረጃ ጠፍቶ ቢቀር ከአማካይ ደሞዙ 5 በመቶ ያህሉ በየወሩ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ከእጁ ወጣ ማለት ነው። ከዚህ ጋር የሚስተካከል ስጦታ የትኛው ኮሚቴ ሊገዛ ይችላል?

ስሌቱን በአንድ ወረቀት ላይ በንጹህ አማርኛ ጽፋችሁ ለሠራተኛው ስጡ። ቢቻል ባል ወይም ሚስት ባሉበት ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። ብዙ ሰው የጡረታውን መጠን የሚያውቀው የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባለት ነው፤ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን የልጁን ትምህርትም የቤት ኪራዩንም አስቀድሞ ያስብበታል።

ሥራውን ከሰዎቹ አፍ ሰብስቡ

ማኅደር ሰውየው የት እንደነበረ ይነግራችኋል። ምን እንደሠራ ግን እምብዛም አይነግርም። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ያለው ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ለንግግር አይሆንም። ስለዚህ ሰው ጠይቁ።

"እንዴት ሰው ነበሩ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፤ "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰው አክባሪ" ይሏችኋል። እነዚህ ቃላት በሁሉም የምስክር ወረቀት ላይ ስላሉ ማንንም ከማንም አይለዩም። እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ እሳቸው ያልገቡ ቀን የትኛው ሥራ ይቆማል? ሲቸግራችሁ "እሳቸውን ጠይቁ" የምትሉት በምን ጉዳይ ነው? እምቢ ያሉት ነገር አለ? ሥራ ያስተማሩት ማንን ነው፣ ያ ሰው አሁን የት ደረሰ?

የመጨረሻውን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። በአንድ የውሃ ጉድጓድ ላይ ለረጅም ዘመን የሠሩ የፓምፕ ኦፕሬተር ነበሩ። የድሬዳዋ ሕዝብ የሚጠጣው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ከቆሙ ከተማው ይጠማል። ስለእኚህ ሰው አለቆቻቸውን ስጠይቅ "ታታሪ ናቸው" አሉኝ። አብረዋቸው በፈረቃ የሠሩትን ስጠይቅ ሌላ ነገር ሰማሁ። መብራት ሲቆራረጥ ሞተሩ እንዳይቃጠል ድምፁን ሰምተው ያቆሙታል፣ ኃይሉ እስኪረጋ ይጠብቃሉ፣ ያቆሙበትንና ያስነሱበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አዲስ ገቢ ልጅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያስተምሩት ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ ነው። ደብተሮቹ ተገኙ፤ የቀኑ፣ የሌሊቱ፣ የበዓሉ ፈረቃ ሁሉ በእጅ ጽሑፋቸው ተጽፏል። በሽኝታቸው ቀን ያስተማሯቸው ሠራተኞች ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ቆሙ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም።

እዚህ ከተማ ውስጥ ስለአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ስትጠይቁ የጎርፉ ሌሊት ይነሳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቶብናል። ያን ሌሊትና በማግስቱ የጤና ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ የመንገድ ሠራተኛው፣ የቀበሌ ጸሐፊው ሁሉም የሠሩት አለ። ይህን ስትሰበስቡ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ የተረኛ መዝገብ ወይም በቦታው የነበረ ሌላ ምስክር ፈልጋችሁ አረጋግጡ፤ ዘመን ሲያልፍ ታሪክ ከባለቤቱ ወደ ሌላ ሰው ይሸጋገራል፣ የእውነተኛው ሠራተኛ ድካምም ለሌላው ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ጎርፍ ልጁን ወይም እናቱን ያጣ ሰው ሊኖር ስለሚችል ነገሩን በአጭሩና በአክብሮት ንገሩ። ከነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቺኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማውን ባዳረሰ ጊዜ የሠሩትን የጤና ባለሙያዎችም አትርሱ፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያው ሕመም ነርሷንም ታማሚዋንም አልለየም፣ ሥራው ግን ቀጥሏል።

ተገልጋይንም ጠይቁ። ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ እናት ክትባት ስለሰጠቻት ነርስ የምትናገረው ከቢሮ ኃላፊው ንግግር ይበልጣል። የውልና የንግድ ፈቃድ ሠራተኛ ከሆነ የሚሸኘው፣ ፈቃድ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን የተከለከለውንም ሰው ጠይቁ። "ከለከለችኝ፣ ግን ለምን እንደሆነ አንቀጹን አሳይታ አስረዳችኝ" ያለ ነጋዴ አጋጥሞኛል። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት አላውቅም።

ምስክርነቱን መጻፍ

የሰበሰባችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ድምፅ አውጥቶ ሲነበብ ሰው ሳይሰለች የሚያልቀው ያህል ይሁን። "በተሰማሩበት የሥራ መስክ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመነሻው አውጡት። በምትኩ ግሥና ዓመት አስገቡ፦ ቀጠሩ፣ አስተማሩ፣ ቆፈሩ፣ መዘገቡ፣ ከለከሉ።

ለምሳሌ ለአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ "ወይዘሮ እገሊት መዝገብ ቤቱን ሲረከቡ ማኅደሮቹ ወለል ላይ ነበሩ። በስም ፊደልና በቅጥር ዓመት ከፋፍለው መደርደሪያ ላይ አወጧቸው። ጎርፍ ይገባል ተብሎ በተሰጋ ጊዜ የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርገው ማኅደሮቹን ወደ ላይ አዛወሩ። ዛሬ በዚህ መሥሪያ ቤት ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ የቅጥር ደብዳቤውን የሚያገኘው በእሳቸው ሥራ ምክንያት ነው።" እዚህ ውስጥ አንድም የማሞገሻ ቅጽል የለም። የሰማ ሰው ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ረቂቁን ለተሸኚው ሳይሆን አብረው ለሠሩ ሁለት ሰዎች አስነብቡ፤ የተጋነነውን ያወጡላችኋል። "ያመሰገኑት ሰው ለሐሜት ያስቸግራል" ይባላል፤ አንድ ጊዜ በአደባባይ ያነበባችሁትን ምስጋና መልሳችሁ ልትውጡት አትችሉም። እውነት ያልሆነ አንድ መስመር ከገባ እውነቱንም ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

ለማን?

ሽኝት ለሁሉም ነው። 60 ዓመት ሞልቶት በሥርዓት የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ፣ ጥበቃውም ጽዳቷም፣ ይሸኛል፤ ምስክርነትም ይጻፍለታል። ልዩ እውቅና ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን በየተራ ማዳረስ ከጀመራችሁ፣ ዘንድሮ ለዚህ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ ክፍል እያላችሁ፣ ዋጋ ያጣል። በብሔር ወይም በሃይማኖት ማመጣጠንም እንዲሁ፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ ፈተና ዘወትር አለ፣ እኔ በግሌ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። መስፈርቱን በቅድሚያ ጽፋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ አንዱ ከውጭ የመጣ ተገልጋይ ይሁን። አንድም ብቁ ሰው ባልተገኘበት ዓመት ሳይሰጥ ይለፍ።

ጥቆማ የምትልኩበት የውጭ መድረክም አለ። የበጎ ሰው ሽልማት ከዘርፎቹ አንዱ በመንግሥታዊ ኃላፊነት በቅንነት ያገለገሉትን የሚመለከት ነው፤ ጥቆማ የሚቀበለውም ከሕዝብ ነው። የተባበሩት መንግሥታትም ሰኔ 16ን የሕዝብ አገልግሎት ቀን አድርጎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ሽልማት መስጠት ጀምሯል። ያ ሽልማት ግን ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው እንዳታመለክቱበት። ቀኑን ግን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ሰኔ 16 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለሆነ የዓመቱን ባለጡረታዎች በአንድነት ለማመስገን ይመቻል። ግዥ ካለባችሁ ግን ግንቦት ላይ ጨርሱት፤ ሰኔ ላይ ፋይናንስ ማንንም የሚያስተናግድበት ጊዜ የለውም።

ገንዘብና ስጦታ

መዋጮ በፈቃድ ይሁን። ከደሞዝ በግድ የተቆረጠ ብር ላይ የቆመ ሽኝት ለባለቤቱም ክብር አይሆንም።

ከነጋዴ፣ ከኮንትራክተር፣ ከማንኛውም በመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ካለው ሰው ገንዘብም ዕቃም አትጠይቁ። "እሳቸውን ስለሚወዱ ነው" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በጽኑ መልሱት። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጥቅም መቀበልን የሚመለከትበት መንገድ ጥብቅ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሻይ እንኳ ሳይጋበዝ የሠራን ሰው በመጨረሻው ቀን በተገልጋይ ገንዘብ ስጦታ አታሳቅፉት።

ምን ይገዛ ለሚለው፣ ቤተሰቡን በስልክ ጠይቁ። ድሬ ሞቃት አገር ነው፤ ጋቢ ለክብር ነው እንጂ ብዙም አይለበስም። ለአንዳንድ አባት ጥሩ ሽርጥና ኮፍያ ከጋቢ ይበልጥ ያስደስታቸዋል። ለሌላዋ እናት መነጽር ነው የሚያስፈልጋት። ምስክርነቱን ግን በመስታወት ፍሬም አድርጋችሁ ስጡ፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው።

ቀኑና ቦታው

ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የምመርጠው ጊዜ ነው። ሙቀቱ በረድ ይላል፤ ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያኑ ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ለሙስሊሙ የጁምዓ ቀን ነው። ረመዳንን፣ ዐቢይ ጾምን አስቀድማችሁ ከቀን መቁጠሪያ ላይ እዩ። ሰኔ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ስላለ ምግቡ የጾም ይሁን። እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ባይኖር እመክራለሁ፤ የእስላም የክርስቲያን እየተባለ ሁለት ጠረጴዛ ከሚለያይ፣ ምስር ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ፣ ሻይ፣ የሐረር ሐልዋ፣ ከጾም ውጭ ከሆነ በወተት የተፈላ ሆጃ ለሁሉም ይበቃል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይበላል።

ቦታው የሥራ ቦታው ግቢ ይሁን። ሆቴል ገንዘብ ይበላል፣ ጥበቃውና ጽዳቷም እዚያ እንደ እንግዳ ይቆጠራሉ። ከዚራ አካባቢ ያሉ መሥሪያ ቤቶች የኒም ዛፍ ጥላ አላቸው፤ ወንበር ደርድሩበት። ቤተሰቡን ፊት ረድፍ ላይ አስቀምጡ፤ ብዙ ልጆች አባታቸው ቢሮ ምን ሲሠራ እንደዋለ የሚሰሙት ያን ቀን ነው።

ንግግር አሳጥሩ። የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ምስክርነቱ ይነበባል፤ አንድ የሥራ ባልደረባና አንድ ተገልጋይ ይናገራሉ፤ ተሸኚው ይናገራሉ፤ ከዚያ ኃላፊው ስጦታውን ይሰጣሉ። ተሸኚው ከኃላፊው በፊት እንዲናገሩ ያደረግሁት ሰዓት ሲገፋ የሚቆረጠው የእሳቸው ንግግር ስለሆነ ነው። የሚናገር ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ የሶማሊኛ ተናጋሪዋን እናት በአማርኛ እንድትናገር አታስጨንቋት፣ ሰው ተነስቶ ይተርጉምላት። መዝጊያው የሽማግሌዎች ምርቃት ነው፤ ሐጂውም መምሬውም ቢመርቁ ደስ ይላል፣ ድሬ ላይ አሜኑ አንድ ነው።

አደባባይ የማይወዱ ሰዎች አሉ። "እባካችሁ ተውኝ" ካሉ ተዉአቸው፤ ምስክርነቱን ይዛችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ቤታቸው ሂዱና ቡና ላይ አንብቡላቸው። የታመመ ከሆነ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ሳይሸኝ ያረፈ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ምስክርነቱ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይሰጥ፤ የተተኪ ጡረታቸውም፣ ማለትም ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ጡረታ፣ መጀመሩን በዚያው አጋጣሚ ጠይቁ።

ከሽኝቱ በኋላ

የምስክርነቱን አንድ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ አስገቡ፤ ሌላውን ቅጂ ለተተኪው ሠራተኛ ስጡት። ተሸኚው ከመውጣታቸው በፊት ባሉት ወራት ተተኪው አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲማር ካላደረጋችሁ አሁን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የሚመጡበትን ቀን ያዙ፤ ለመጓጓዣ የሚሆን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍን።

ወሩ ሲያልቅ ደውሉ። "ጋሼ፣ ገባልዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ክፍያ ካልገባ የማኅደሩን ቅጂ ይዛችሁ ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። የተከፈለው መጠን ቀድማችሁ በወረቀት ከሰጣችኋቸው ስሌት ጋር ካልተገናኘም የአገልግሎት ዘመኑን ዓመት በዓመት አመሳክሩ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ካልተያዘ የዝውውር ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ከተገኘ በመሥሪያ ቤቱ ስም ማስተካከያ ጠይቁ፣ እስኪስተካከልም ስማቸውን ከዝርዝራችሁ ላይ አትሰርዙ።